በተራራ ሆድ ውስጥ ስላለቁት ሰዎች

ተራራ ለሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ሆኖለታል፤ ለመንገደኛ መሰናክል፥ ለተሳደደ ሰው ደግሞ መጠጊያ። መሰናክልነቱን ለማስቀረት ሰው ዐለቱን በስቶ መሿለኪያ አወጣ፤ መጠጊያ ፈልጎም ተፈጥሮ ባበጀችው ዋሻ ገባ። በሰላም ዘመን ሁለቱም መልካም ናቸው። ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ይገለጣል፤ ይኸውም መግቢያቸውና መውጫቸው ጠባብ መሆኑ ነው። አፉን የያዘ ሰው በውስጥ ያሉትን ሁሉ ይይዛል፤ የሚተነፍሱት አየር እንኳ በእጁ ይሆናል። ነገሩም ካለፈ በኋላ ስንት ሰው እንደ ሞተ፥ እንዴትም እንደ ሞተ የሚናገረው ያው አፉን ይዞ የነበረው ሰው ነው።

ለዚህ ነገር ሁለት ታሪኮች ይመሰክራሉ። አንዱ በኢትዮጵያ፥ በሰሜን ሸዋ በመንዝ አገር፥ በ1931 ዓ.ም. የሆነው ነው። ሁለተኛው ከ43 ዓመት በኋላ በአፍጋኒስታን አገር በሳላንግ መሿለኪያ የደረሰው ነው። የመጀመሪያው ታስቦ የተደረገ ግድያ፥ ሁለተኛው የጦርነት ጥድፊያ ያመጣው አደጋ ስለ ሆነ በበደል አይተካከሉም። ሰዎቹ በሞቱበት አኳኋንና ከሞቱም በኋላ ባገኛቸው ዕጣ ግን እጅግ ይመሳሰላሉ።

የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ መንገድ ማውጣት ነበር። በቅሎ የምትወጣውን ዳገት ካሚዮን ሊወጣው አይችልም፤ መንገድ የሌለበትንም አገር ወራሪው ያዝሁ ይላል እንጂ አይዘውም። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ገደል አናት፥ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጣርማ በር፥ ተራራው ተበስቶ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሿለኪያ ወጣ። ሕዝቡም የሙሶሎኒ ዋሻ አለው። ከዚያ ወዲህ ወደ ደሴ የሚሄደው ነጋዴና ተማሪ፥ ወታደርና ምእመን በዚያ ጨለማ አልፏል። በመጀመሪያ የተሠራበት ምክንያት ግን ጦርና ስንቅ በቶሎ ወደ ሰሜን እንዲደርስ ነበር።

ዳሩ ግን መንገድ የሚያስገዛው እስከ ዳርና ዳሩ ነው። ከመንገዱ ወዲያ ያለው ቆላና ገደል በአርበኞች እጅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሕዝብ ሲታረድ፥ ብዙ ሰው ከነቤቱ በእሳት ሲቃጠል፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲረሸኑ፥ እስከዚያ ድረስ በቤቱ ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁሉ መቀመጥ እንደማያድን ተረዳ። ከዚያ በኋላ ወደ ዱር የወጣው ከቀድሞው በዛ። በሸዋ ከተነሡት አለቆች አንዱ፥ ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ የፖሊስ አለቃ የነበሩት፥ በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ ነበሩ። ግራዚያኒ በ1930 ዓ.ም. በአውስታ መስፍን ቢተካም፥ የከተማው አገዛዝ ጥቂት ለዘብ አለ እንጂ በገጠር የነበረው ጦርነት አልበረደም።

የአርበኛን ጦር ለማወቅ ጓዙን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ልማድ ጦረኛ ብቻውን አይዘምትም፤ ሚስቱ፥ ልጆቹ፥ እህል የምትፈጨው፥ ውሃ የምትቀዳው፥ የቆሰለው ወንድሙ፥ የሸመገለው አባቱ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ጠላት ቤታቸውን ካቃጠለባቸው ወዲህ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰው የሚገቡበት አልነበራቸውም። ከጦሩ ጋር እንዳይፋጁ፥ በአይሮፕላንም እንዳይታዩ፥ እነዚህን ሰዎች በዋሻ ማኖር የተለመደ ጥበብ ነበር። አመፀኛ ዋሻ የሚባለው፥ በመንዝ ዘረት በተባለ ስፍራ ከገደል ሥር ያለው ትልቅ ዋሻ፥ በ1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ ተከታዮች የሆኑ እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች ተጠግተውበት ነበር። ተዋጊዎቹን የሚመራው ተሾመ ሻንቁጥ ይባል ነበር።

የኢጣልያ ጦር ይህን ጓዝ ተከታትሎ በዋሻው ውስጥ መኖሩን ካወቀ በኋላ ከበበው። ከከበቡትም መካከል ከኢጣልያውያን አለቆች በታች ያሉ አስካሪዎች ነበሩ። በጠመንጃና በመትረየስ ዋሻውን ለማስለቀቅ አልተቻለም፤ አፉ ጠባብ፥ ዐለቱ ወፍራም፥ በውስጥ ያሉትም ተኳሾች ነበሩና። ፍጻሜው የደረሰው ከሚያዝያ 1 እስከ ሚያዝያ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ባሉት ቀኖች ነው። ሚያዝያ 1 ቀን በዚያ ዓመት የትንሣኤ በዓል ነበረ። የምሥራቁና የምዕራቡ አቈጣጠር በየጊዜው ይለያያል፤ በዚያ ዓመት ግን ገጥሞ ስለ ነበረ፥ በሮምም በመንዝም በዓሉ በአንድ ቀን ውሎአል። ስለዚህ ከገደሉ በላይ ከነበሩትም በዋሻው ውስጥ ከነበሩትም ብዙዎቹ ቀኑ ምን ቀን እንደ ነበረ ያውቁ ነበር።

ጠመንጃ ያልቻለውን ነገር ለመፈጸም የመርዝ ጋዝ ሥራ የሚያውቁ ወታደሮች ተጠሩ። ከአይሮፕላን ይጣል ዘንድ የተሠራ ትልቅ ቦምብ ተከፍቶ፥ በውስጡ የነበረው ኢፕሪት የሚባለው መርዝ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፈለና ከገደሉ አናት ወደ ዋሻው አፍ ወረደ፤ በዚያም እንዲፈነዳ ተደረገ። መርዝ ያለባቸው የመድፍ ጥይቶችም ተተኰሱ። ኢፕሪት በስሙ ጋዝ ይባላል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፤ የሚወጣው ትነት ከአየር ይልቅ እጅግ ስለሚከብድ ወደ ላይ ተነሥቶ አይበተንም፤ ይልቁንም ዝቅ ወዳለው ቦታ ይፈስሳል፥ በጉድጓድና በዋሻም ይተኛል። የነካው ሰው ወዲያው ሕመም አይሰማውም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ዓይኑ ያብጣል፥ ቆዳው ይላጣል፥ ሳንባው ይቆስላል። በሜዳ ላይ ያለ ሰው ከነፋስ ጋር ሊሸሽ ይችላል፤ በዋሻ ያለ ግን ወዴት ይሸሻል? አንዱ በር የመርዙም በር ነበርና።

በሌሊት ተሾመ ሻንቁጥና ጥቂት ሰዎች ከበባውን ጥሰው ወጡ። የቀሩት እጃቸውን ሰጡ። እጅ የሰጡትም ወንዶች ሚያዝያ 3 ቀን ማለዳ ወደ ገደሉ አፋፍ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ፤ ሬሳቸውም ወደ ገደሉ ወደቀ። የጦር ምርኮኛ እንዳይገደል የሚከለክለው ልማድም፥ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የመርዝ ጋዝን የከለከለው ውል፥ ኢጣልያም በፊርማዋ የተቀበለችው፥ ሁለቱም በአንድ ዋሻ ደጃፍ ፈረሱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለዚሁ መርዝ ዝናም ለዓለም አስቀድመው ተናግረው ነበር። የዓለም ጉባኤ ግን ሰማ እንጂ አላዳነም።

ከአዛዦቹ መካከል ሌተና ኮሎኔል ጄናሮ ሶራ የሚባለው ሰው ታሪክ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928፥ የጄኔራል ኖቢሌ ኢታሊያ የምትባለው የአየር መርከብ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ በወደቀች ጊዜ፥ የጠፉትን ሰዎች ለመፈለግ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች በበረዶው ላይ የተጓዘ የተራራ ጦር መኰንን ነበር። በዚያም ሥራው ስሙ በአገሩ ገነነ። ሕይወታቸውን አሳልፎ እስከ መስጠት ድረስ ጥቂት የአገሩን ሰዎች የፈለገ ሰው፥ ከ11 ዓመት በኋላ በዘረት በብዙ መቶ ሰዎች ላይ በተደረገው ነገር እጁ ገባ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንዳንድ ሰው ጀግና፥ አንዳንዱ አውሬ ሆኖ ይወለዳል የሚል አይደለም፤ ሰው የሚራራው ሰው ብሎ ለቈጠረው ብቻ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ነገር መመለስ ይገባል። የተረሸኑት 800 ያህል እንደ ሆኑ የኢጣልያ የጦር ወረቀት ይናገራል። በዋሻው ውስጥ በመርዙ የሞቱትን ጨምረው ያሰቡ ጸሐፊዎች ደግሞ ቁጥሩን ከ1000 በላይ ያደርሱታል። ይህ ወረቀት ራሱ ለብዙ ዘመን በመዝገብ ቤት ተዘግቶ ቆየ። ኢጣልያ በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ ስለ መጠቀሟ የመከላከያ ሚኒስቴሯ በግልጽ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ጦርነቱ ከተጀመረ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የዘረትን ነገር ኢጣልያዊው የታሪክ ሊቅ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ ከመዝገብ አውጥቶ፥ ዋሻውንም ራሱ ሄዶ አይቶ፥ በ1998 ዓ.ም. ለአገሩ ሰዎች ገለጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላም የስፔንና የኢትዮጵያ የአርኪኦሎጂ ሊቃውንት ገብተው መረመሩት። ያገኙትም የተተኰሰ ጥይት ቀለህ ብቻ አልነበረም፤ የሸክላ ዕቃና የስፌት ዕቃ፥ ሳይቀበርም የቀረ የሰው ዐጽም ነበር። የጦሩ ወረቀት አመፀኞች ሲል የጻፋቸው ሰዎች ድስትና እንስራ ይዘው የገቡ ቤተ ሰቦች መሆናቸውን ዕቃው ራሱ መሰከረ። ለመንዝ ሰው ግን ይህ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ አመፀኛ ዋሻ የሚለውን ስም ሲጠራ ኖሯልና።

ሁለተኛው ታሪክ ሰው ሠራሽ በሆነ ዋሻ የተፈጸመ ነው። በአፍጋኒስታን አገር ከዋናው ከተማ ከካቡል ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ሂንዱ ኩሽ የተባለው የተራራ ሰንሰለት እንደ ግድግዳ ይቆምበታል። ይህን ግድግዳ የሶቭየት መሐንዲሶች በስተው፥ ከባሕር ወለል በ3400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚበልጠውን የሳላንግን መሿለኪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ፈጸሙ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እንደዚህ ከፍ ብሎ የተሠራ የመኪና መሿለኪያ አልነበረም። ቀናት ይፈጅ የነበረው መንገድም በሰዓታት የሚቈጠር ሆነ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን፥ በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የሶቭየት ጦር አፍጋኒስታን ሲገባ፥ ያው መሿለኪያ የጦሩ ዋና የስንቅ በር ሆነ። ነዳጁም፥ ጥይቱም፥ ወታደሩም በዚያች ጠባብ ጨለማ ያልፍ ጀመር። የጣርማ በር ነገር እዚህ ተገልብጦ ይታያል፤ በጣርማ በር የጦር መንገድ ኋላ የሰላም መንገድ ሆነ፥ በሳላንግ የሰላም መንገድ ኋላ የጦር መንገድ ሆነ።

ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ መጥቶ ነበር። የካቲት 15 ቀን 1972 ዓ.ም. በመሿለኪያው ውስጥ መኪኖች ተጋጭተው መንገዱ ስለ ተዘጋ 16 የሶቭየት ወታደሮች በጭስ ታፍነው ሞቱ። ነገር ግን የአየር ማናፈሻው ለዚያን ያህል የመኪና ብዛት የሚበቃ አልነበረም፤ ጦርነትም እስኪታደስ ድረስ አይጠብቅም። ጥቅምት 24 ቀን 1975 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ አደጋ ደረሰ። ይህንም ነገር ሁለት ወገን ሁለት ዓይነት አድርጎ ይናገረዋል። በመጀመሪያ ወደ ውጭ በወጣው ወሬ፥ የጦር መኪና ነዳጅ ከጫነ ቦቴ ጋር ተጋጭቶ ቦቴው ፈነዳ፥ እሳቱም በመሿለኪያው ውስጥ ተያይዞ ብዙ ሰው ፈጀ ተብሏል። ወታደሮቹም የጠላት አደጋ መስሎአቸው ሁለቱን አፍ ስለ ዘጉት በውስጥ ያሉት መውጫ አጡ ተብሏል። በሶቭየት ጦር መዝገብ ግን እሳትም ፍንዳታም አልነበረም፤ ሁለት የመኪና ሰልፎች ተገናኝተው መንገዱ ስለ ተዘጋ፥ ሰዎቹ ከሞተር በሚወጣው መርዘኛ አየር ታፍነው ሞቱ ይላል።

እሳቱ ኖረም አልኖረም፥ ትንፋሽን የሚያጠፋው አየር አንድ ነው። ይህን የኢትዮጵያ ሰው ሳይማር ያውቀዋል፤ በክረምት ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ የተኛ ቤተ ሰብ ሳይነቃ የሚቀርበት ጊዜ አለና። ሊቃውንት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ይህ አየር መልክም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ከኦክሲጅን ይልቅ ወደ 200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ከደም ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል። በሳላንግ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ በባሕር ዳር ካለው በሲሦ ያህል የሳሳ ነው፤ ሰውም ሞተርም በእኩል አየር ያጥረዋል፥ ሞተሩም ነዳጁን አጣርቶ ስለማያቃጥል መርዙ ይበዛል። በብርዱ ምክንያት ሾፌሮች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተቀምጠው ነበር ይባላል። እያንዳንዱ ራሱን ለማሞቅ ያደረገው ነገር ጎረቤቱን ገደለ፥ ጎረቤቱም እርሱን ገደለ።

ስለ ሙታኑ ቁጥር የሚነገረው ልዩነት ከአሟሟታቸው የሚለየው ነገር የለም፤ እንደዚያው በጨለማ የተሸፈነ ነው። የሶቭየት መዝገብ 64 ወታደሮችና 112 አፍጋናውያን፥ በድምሩ 176 ሰዎች ሞቱ ይላል። በዚያን ወራት በምዕራብ አገሮች የተጻፈው ግን ከብዙ መቶ ይጀምርና ከ2000 ያልፋል። በ176ና በ2000 መካከል ያለው ልዩነት የሒሳብ ስሕተት ሊሆን አይችልም፤ በመሿለኪያው አፍ ቆሞ የወጣውን ሬሳ የሚቈጥር ከጦሩ ሌላ ሰው ባለመኖሩ የመጣ ነው። ጦሩ አሳንሶ ቢናገር የሚያርመው፥ ባላጋራውም አብዝቶ ቢናገር የሚመልሰው አልተገኘም። የአደጋው ምክንያትም ስለ ተሸፈነ ትምህርቱ ጠፋ። ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያው በሳላንግ የነዳጅ ቦቴ ተቃጥሎ ቢያንስ 31 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ ሶቭየትም አልነበረችም፥ የቀድሞውም ጦርነት አልፎ ነበር፤ መሿለኪያው ግን ያው ነበር።

እንግዲህ ዘረትና ሳላንግ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በሳላንግ አፉን የዘጉት ሰዎች የራሳቸው ወገን ጭምር በውስጥ ነበረ፤ ፍርሃትና አለማወቅ አሳታቸው። በዘረት ግን መርዙን ያወረዱት ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከሞት በኋላ የሆነው ነው። በሁለቱም ስፍራ የሞቱት ሰዎች በመጀመሪያ አየር ተነፈጉ፥ ቀጥለው ቁጥር ተነፈጉ፥ በመጨረሻም ስም ተነፈጉ።

ከሦስቱም የመጨረሻው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለሞተ ሰው ስም ምን ይጠቅመዋል ይባል ይሆናል። የኢትዮጵያ ካህን ግን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሩቅ አይሄድም። በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው የሟቹ የክርስትና ስም ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም፤ ተዝካርም የሚወጣው ለ800 ሰው ሳይሆን ለእገሌና ለእገሊት ነው። የጦር ሪፖርት ቁጥር ይጽፋል፥ የእያንዳንዱን ሟች ስም ግን አይጽፍም፤ ቁጥሩንም ቢሆን ለሚመቸው ያህል ይጽፋል። ስም የሚገኘው ከገዳዩ መዝገብ ሳይሆን ከቤተ ዘመድ አፍ፥ ከደብሩም መዝገብ ነው። ቤተ ዘመድም ያልፋል። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያን አልፎ ዘጠናን የሚጠጋ ወይም ያለፈ ሽማግሌ ነው። አባቱ ወይም እናቱ ወደ ዘረት ገብተው እንዳልወጡ ከታላላቆቹ የሰማ፥ ስማቸውንም የሚያስታውስ ሰው በመንዝ ባለበት ጊዜ ስሙን መቀበልና መጻፍ ለታሪክ ጸሐፊም ለካህንም እኩል ሥራ ነው። የዋሻው አፍ ከተከፈተ ቆይቷል፤ የሚቀረው በውስጥ የቀሩትን አንድ በአንድ እየጠሩ ማውጣት ነው።